ጐረቤትን ከጐረቤት የሚለየው ምንድን ነው?
ስለ ሰፈራ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ከኢሉባቦር አንጻር ሲመረመሩ

ሕዝብ ከአንድ አገር ተነሥቶ በሌላ አገር ሲሰፍር ሊቃውንት አስቀድመው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለምን ተነሣ? የሚል ሲሆን ሁለተኛው፣ ስንት ሰው ሄደ፣ ስንቱስ ተመለሰ? የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ሰፋሪው ከደረሰ በኋላ ከነባሩ ሰው ጋር አጥር ለአጥር ተጐራብቶ ሲኖር በየዕለቱ የሚገጥመው ልዩነት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ሦስተኛው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ባህል» ተብሎ ለብቻው በሚቀመጥ አጭር ክፍል ውስጥ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመዳደብ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አለመሆኑን ማሳየት ነው።

ለዚህም ሁለት መጻሕፍትን ጐን ለጐን አስቀምጠን እናነባለን። ሁለቱንም ያሳተመው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። አንደኛው ጄምስ ሐመርተንና አሊስቴር ቶምሰን በአውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ያወጡት፣ ከብሪታንያ ወደ አውስትራሊያ ስለ ተሻገሩት ሰዎች የሚናገረው «የዐሥር ፓውንድ ፖሞች» ነው፤ «ፖም» አውስትራሊያውያን እንግሊዛዊውን በቀልድም በንቀትም የሚጠሩበት ቃል ነው። ሁለተኛው አሉላ ፓንክረስት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1992 ያሳተሙት፣ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ዘመን ወደ ወለጋ ስለ ተወሰዱት ሰፋሪዎች የሚናገረው «ሰፈራና ረሀብ በኢትዮጵያ» ነው። ንባባችንን የምንፈትንበት ምድር ግን ሁለቱም መጻሕፍት ያልቆሙበት ኢሉባቦር፣ በተለይም መቱና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ናቸው።

አንድ አንባቢ እነዚህ ሁለት ፍልሰቶች ሊነጻጸሩ አይገባም ይል ይሆናል። መቃወሚያው ከባድ ነው። እንግሊዛዊው ዐሥር ፓውንድ ከፍሎ፣ በቀረው ወጪ መንግሥት ረድቶት፣ በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ከቈየም በኋላ ቢፈልግ የረዳውን ገንዘብ ሳይመልስ ሊመለስ ይችል ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ከብቱ አልቆ፣ ቤተሰቡ በሞት ጥላ ሥር ሆኖ፣ በከባድ መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ ተወሰደ፤ ብዙዎችም ከዘመዶቻቸው ተለያዩ፣ በመንገድና በሰፈራው ጣቢያም ሞቱ። ስለዚህ መከራቸውን አናነጻጽርም። የምናነጻጽረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ተመራማሪው ልዩነትን የሚያይበትን ዐይን ነው።

ሐመርተንና ቶምሰን የመረጡት ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ እጅግ የተመቸ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1947 ጀምሮ በዚህ የእርዳታ ጉዞ ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩት ብሪታንያውያን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ቋንቋቸው ከተቀበላቸው ሕዝብ ጋር አንድ ነው፤ ዘውዱም አንድ ነበረ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳለመው ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነበረ። ስለዚህ ማንም እንደ ባዕድ አልቈጠራቸውም፤ ጸሐፊዎቹም «የማይታዩ ስደተኞች» ይሏቸዋል። ሆኖም ከእነርሱ መካከል ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋው ተመልሶ ሄዷል። ቋንቋና ዘውድ አንድ ከሆኑ የመለሳቸው ምንድን ነው?

መጽሐፉ ከስደተኞቹ ደብዳቤዎች፣ ራሳቸው ከጻፏቸው የሕይወት ታሪኮችና ከቃል ምስክርነት ተነሥቶ መልሱን ከትንንሹ ነገር ውስጥ ይፈልጋል። እናትን ጥሎ መሄድ፣ የገና በዓል በበጋ ሐሩር መዋሉ፣ የቤቱ አሠራር፣ የጐረቤት አቀራረብ፣ በሥራ ቦታ ከቀልድ ያለፈ ስድብ፣ እነዚህ ሁሉ ክብደት አላቸው። ከእንግሊዞቹ ዘንድ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ። አውስትራሊያዊው ለግብዣ ሲጠራ «ሳህን ይዛችሁ ኑ» ይላል፤ ምግብ አዘጋጅታችሁ ኑ ማለቱ ነው። አዲስ መጥው እንግሊዛዊ ግን ጋባዡ ሳህን አንሶት ነው ብሎ ባዶ ሳህን ተሸክሞ ይሄዳል። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቃሉ በስተ ጀርባ ያለውን ውል ግን የሚያውቀው ነባሩ ብቻ ነው። የዕለት ኑሮ ልዩነት ማለት በመሠረቱ ይህ ነው፤ ያልተጻፈና ያልተነገረ ውል ነው እንጂ የጠባይ ልዩነት አይደለም።

የዚህ መጽሐፍ ጕድለት ደግሞ ተቀባዩን በተመሳሳይ ጥልቀት አለመስማቱ ነው። ጋባዡ አውስትራሊያዊ ባዶ ሳህን ይዞ የመጣውን እንግዳ ምን ብሎ እንደ ተረጐመው እምብዛም አንሰማም። ከዚያም አልፎ፣ ነባር የተባለው ራሱ በሌላ ነባር ሕዝብ ምድር ላይ የሰፈረ መሆኑ፣ ማለት የአቦርጂናል ሕዝብ ጉዳይ፣ ከታሪኩ ዳርቻ ይቀራል። «ነባር» የሚለው ቃል ዘመን ያለው ቃል መሆኑን በዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አሉላ ፓንክረስት መጽሐፍ እንምጣ። ደራሲው በወለጋ በቀቶ ሰፈራ ከሰፋሪዎች ጋር ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ጽፈዋል። የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ በዚያን ዘመን ሁሉም የተከራከረበትን «በፈቃድ ነው ወይስ በግድ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ አለመቀበሉ ነው። መንግሥት ሁሉም በፈቃዱ ሄደ ይል ነበር፤ የውጭ አገር ነቃፊዎች ሁሉም ተገዶ ሄደ ይሉ ነበር። ደራሲው ግን በረሀብና በመንግሥት ኀይል መካከል የተያዘው ገበሬ ያደረገው ምርጫ ከሁለቱም ቃላት ጋር በቀላሉ እንደማይስማማ ያሳያሉ። ይህ ለጥናታችን ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ዐይን የሰፋሪው ዐይን ነው፤ ንኡስ ርእሱም የመንደርተኞቹን ኑሮ የሚል ሲሆን መንደርተኞች የተባሉት ሰፋሪዎቹ ናቸው። ለቀቶ ይህ አመለካከት አይከፋም፤ ቀቶ መደበኛ ሰፈራ ነበርና፤ ሰፋሪው በሺህ ተሰብስቦ፣ የራሱ መንደር ተሠርቶለት፣ በጋራ እርሻ ተደራጅቶ የተቀመጠበት ነው። ከዚህ የተገኘውን ሥዕል ወደ ኢሉባቦር ደጋ ስናመጣው ግን አይገጥምም።

ኢሉባቦር ከወለጋ ቀጥሎ ብዙ ሰፋሪዎችን ከተቀበሉት ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነው። በመላው አገር በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተዛውሯል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሆነው የወሎ ሰው ነበር። በጊዜው የኢሉባቦር ክፍል በነበረው በጋምቤላ ቆላ መደበኛ ሰፈራ ተቋቋመ። በመቱና በበደሌ ዙሪያ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ግን በብዛት የተደረገው «ስግሰጋ» የተባለው ነው። ይኸውም ሰፋሪው በነባሩ የገበሬ ማኅበር መካከል ጥቂት ጥቂት ቤተሰብ እየሆነ የሚከፋፈልበት ነው። ቤቱን እንዲሠራለት የታዘዘውም ነባሩ ገበሬ ነበር። እዚህ ላይ ጐረቤትነት የመጽሐፍ መደምደሚያ ሊሆን አይችልም፤ የነገሩ መነሻ ራሱ ጐረቤትነት ነው። ልዩነቱን በአራት ነገሮች እንመልከት፤ እነርሱም ዝናብ፣ ደን፣ ቋንቋና ቀብር ናቸው።

መጀመሪያ ዝናቡ ነው። በጐሬ በዓመት የሚዘንበው ወደ 2000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ሲሆን ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። የወሎ ሰው ዝናብን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ዝናብን የሚከላከል ሰው መሆን ነበረበት። በአንዳንድ የወሎ ቆላ እህል በጉድጓድ ይቀመጣል፤ በኢሉባቦር እርጥብ አፈር ግን ጉድጓድ እህልን ያበሰብሳል፤ ጎተራውም ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር ይቆማል። በወሎ ደጋ እንጨት ጠፍቶ ሴቲቱ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ እዚህ እንጨቱ በደጃፍ ነው። ጤፍና ማሽላ የለመደው አፍ በቆሎና ጎደሬ ይቀርብለታል። አዝመራው ሲደርስ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ከርከሮና ዝንጀሮ እየጠበቀ ያድራል። በወንዞቹ ሸለቆ ደግሞ ገንዲ በሬውን፣ ወባ ሰውየውን ይጥለዋል። እነዚህን የሚዘረዝር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «የሰፋሪዎች ባህል» እና «የነባሮች ባህል» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ይከፍላቸዋል። ነገር ግን ኩበት ባህል ነውን? ኩበት የደን መጥፋት ውጤት ነው፤ እንጨት ባለበት አገር በአንድ ወቅት ውስጥ ይረሳል።

ሁለተኛው ደን ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከመቱ ወደ ያዩ የሚሄድ መንገደኛ ከግራና ከቀኝ የሚያየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። የሰፈራውን ዕቅድ የነደፉት ሰዎችም ባዶ መሬት ብለውታል። በአገሩ ልማድ ግን በደኑ ውስጥ «ኮቦ» የሚባል ይዞታ አለ፤ አስቀድሞ ቀፎ የሰቀለ ሰው ቤተሰብ በዛፎቹና በአካባቢያቸው ላይ መብት ያገኛል፤ መብቱም ለልጅ ይተላለፋል። አጥር የለውም፣ ወረቀትም የለውም፤ ምልክቱ በቅርንጫፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ብቻ ነው። የጫካ ቡናውም እንዲሁ ለቃሚው የታወቀ ነው። በወሎ እህል ከታጨደ በኋላ የወደቀውን ዛላ ድኻ ይቃርማል፤ ቃርሚያ ነውር የለበትም። ይህን የለመደ ሰው ከጥላው ዛፍ ሥር የረገፈውን የቡና ፍሬ ቢለቅም፣ በእርሱ ዘንድ ቃርሚያ የሆነው በባለቤቱ ዘንድ ስርቆት ነው። ይህም የባዶ ሳህኑ ታሪክ ነው፤ ዋጋው ግን እንደዚያ የሚያስቅ አይደለም። ሌባ የሚል ስም ከዚህ ይነሣል፤ ስሙም ከሰውየው ወደ ወገኑ ይሻገራል።

ቡናውን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። ቡና ሁለቱንም ሕዝብ ያገናኛል ተብሎ ይነገራል፤ እውነትነት አለው። ግን በወሎ ቡና በገንዘብ የሚገዛ፣ ዕጣን ታጢሶ፣ ምርቃትና ዱዓ ተደርጎ፣ ጐረቤት ተጠርቶ የሚጠጣ ወጪ ነው። በኢሉባቦር ቡና የዓመቱ ገቢ ነው፤ ፍሬው በቅቤ ተበስሎ «ቡና ቀላ» ሆኖ በምርቃት ጊዜ ይቀርባል። አንዱ የሚያወጣበትን ሌላው ያገኝበታል። ሲኒው አንድ መሆኑን ብቻ የሚያይ ተመራማሪ ይህን አያይም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በኢሉባቦር ገጠር የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ አማርኛ ለኢሉባቦር ጭሰኛ የባለ መሬቱ፣ የዳኛውና የጸሐፊው ቋንቋ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ቋንቋ የሚናገር፣ ነገር ግን ከጭሰኛውም ይልቅ ድኻ የሆነ፣ እህልና ጎጆ የሚለመንለት ሰው መጣ። ነባሩ ገበሬ ይህን ሰው በምን ስም ይጥራው? የወሎው ሰው በበኩሉ ራሱን የገዢ ወገን አድርጎ አያውቅም፤ በአገሩም የባላባት ጭሰኛ የነበረ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ ወሎ ራሱ የኦሮሞ ታሪክ ያለበት ምድር ነው፤ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ቦረና የሚሉት የቦታ ስሞች ይመሰክራሉ። «ኢሉ» የሚለው ስም በወሎም በኢሉባቦርም ውስጥ መገኘቱን ልብ ያለ ሰው፣ ሁለቱን ሕዝብ በዘር ሁለት ዓምድ ላይ ማስፈር ምን ያህል ከእውነት እንደሚያርቅ ይረዳል።

አራተኛው ቀብር ነው። የወሎ ሰው በአገሩ ቅሬ አለው፤ ቅሬ ሙት ይቀብራል፣ ለቅሶኛ ያስተናግዳል፣ የተጣላም ያስታርቃል። በስግሰጋ የተከፋፈለ ቤተሰብ ግን ቃሬዛ የሚሸከምለትን ሰው ከወገኑ ብቻ ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ነባሩን ጐረቤት መጥራት ግድ ይሆንበታል፤ የጐረቤቱም ሬሳ ሲወጣ አብሮ መሄድ ግድ ይሆንበታል። በሥራም እንደዚሁ ነው፤ የወሎው ወንፈልና ደቦ፣ የኢሉባቦር ዳዶና ዳቦ እጅግ ይመሳሰላሉ። በዝምድናም የአማራው የጡት ልጅነት በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ «ሐርመ ሆደ» ከሚባለው ጡትን በመጥባት ልጅ ከመሆን ሥርዐት ጋር በሐሳብ አንድ ነው። ባዕድን ዘመድ የሚያደርግ መሣሪያ ከሁለቱም ወገን እጅ አለ። ይህን መሣሪያ ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደ ተጠቀመበት የሚነግረን የኢሉባቦር ጥናት ግን በሰፈራው መጻሕፍት ጐን ሊቆም የሚችል ሆኖ አልተጻፈም።

ልዩነት ሁሉ የቋንቋና የዘር ነው የሚለውን ሐሳብ ለመፈተን ከወሎ ይልቅ የሚጠቅመን ሌላ ምሳሌ አለ። በ1995 ዓ.ም. እንደ ገና የተጀመረው ሰፈራ ቀድሞ ከተፈጸመው ስሕተት ተምሬያለሁ በማለት ሰፋሪውን ከክልሉ እንዳይወጣ አደረገ። በዚሁ መሠረት በ1996 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ከ10,000 በላይ አባወራ መጥቶ በዴዴሳ ሸለቆ በጨዋቃ ሰፈረ፤ ቦታው በጊዜው የኢሉባቦር ዞን ነበር፣ ዛሬ ቡኖ በደሌ ዞን ነው። ሰፋሪውም ነባሩም ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውም ኦሮምኛ ነው። የእንግሊዙና የአውስትራሊያው ነገር በአገራችን እነሆ።

ቋንቋው አንድ ቢሆንም የኑሮው ሒሳብ አንድ አልነበረም። የሐረርጌ ገበሬ ጫት ቈርጦ በሚሸጥበት ዕለት ገንዘብ ያገኛል፤ የኢሉባቦር ገበሬ ቡናው እስኪለቀም ዓመት ይጠብቃል። አንዱ ገንዘብን በየጊዜው፣ ሌላው በየዓመቱ የሚያይ ነው፤ ብድሩ፣ ቁጠባው፣ ድግሱ፣ ገበያ የሚወጣበት ቀን ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ሐረርጌ ከቡና ገለባና ቅጠል ሆጃ አፍልቶ በወተት ይጠጣል፤ በኢሉባቦር ገለባው የሚጣል ነው። ሐረርጌ መሬት ጠቦት ተዳፋቱን በእርከን ይይዛል፤ እዚህ መሬቱ ሰፊ፣ ጠላቱ ገንዲ ነው። አነጋገሩም ቢሆን አንድ ቋንቋ ሆኖ የየአገሩ ዘዬ አለው። እንግዲህ ጨዋቃ የሚያስተምረን የዘር አንድነት የዕለት ኑሮን ልዩነት እንደማያጠፋ ነው። ከዚህም የሚከተለው በወሎ ሰፋሪና በነባሩ መካከል የታየው ልዩነት ሁሉ ከዘር የመጣ አለመሆኑ ነው።

ሁለቱም መጻሕፍት ያልረዱን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ከተማ ነው። በሰፈራ ጥናት መንደር እንደ ደሴት ይታያል። የኢሉባቦር ሰው ግን ሰፋሪም ሆነ ነባር የሚገናኘው በመቱ፣ በጐሬ፣ በያዩና በበደሌ ገበያ፣ በወፍጮ ቤት፣ በጤና ጣቢያና በፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። እነዚህ ከተሞች ደግሞ ራሳቸው የመጤ ሥራ ናቸው። ጐሬ በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን በሚወጣው የቡና ንግድ በበለጸገችበት ዘመን ግሪኩም፣ ሶርያዊውም፣ የሸዋው ወታደርና ነጋዴም ተጐራብተውባት ኖረዋል። የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጐሬ ወደ መቱ ሲዛወር ጸሐፊውና መምህሩ ከየአገሩ ወደ መቱ መጣ። ይህን ሁሉ ማንም ሰፋሪ አላለውም። የመንግሥት ሠራተኛ «ተዛወረ» ይባላል፣ ነጋዴ «መጣ» ይባላል፣ «ሰፋሪ» የሚባለው ግን የተራበው ገበሬ ብቻ ነው። ቃሉ የዘር ሳይሆን የማዕረግ ቃል መሆኑን የሚያጋልጠው ከተማው ነው።

በከተማ ውስጥ የቋንቋውም ሚዛን ተገልብጧል። በ1977 ዓ.ም. አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ነበረ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን የቢሮውም የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱም ቋንቋ ኦሮምኛ ሆነ። የሰፋሪው ልጅ በትምህርት ቤት በኦሮምኛ ተምሮ ለአባቱ ያስተረጕማል። በዚህ ልጅ ላይ «የሰፋሪዎች ባህል» የሚለው ዓምድ ምን ይሠራል?

ትችታችንን እንሰብስብ። የሰፈራ ጥናቶቻችን ሦስት ጕድለት አለባቸው። አንደኛ፣ ጐረቤትነትን ከረሀብና ከፖለቲካ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነገር ያደርጉታል። ሁለተኛ፣ ከአየር፣ ከአዝመራና ካልተጻፈ የይዞታ መብት የመጣውን ልዩነት የሕዝብ ጠባይ አድርገው ይመዘግቡታል። ሦስተኛ፣ ነባሩን አይጠይቁም፤ ቤት እንዲሠራ የታዘዘውን፣ ደኑ ባዶ የተባለበትን ሰው ዝም ያሰኙታል። አሉላ ፓንክረስት ከመጀመሪያው ጕድለት ብዙውን አርመዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን የእርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ የሁላችን ናቸው።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጻፈበት ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በኢሉባቦር ጐረቤት በምዕራብ ወለጋ፣ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው በብዛት ተገደሉ። ገዳዩን ያስነሣው መጽሐፍ ነው አንልም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሮ ያረሰውንና አብሮ የቀበረውን ሰው በአንድ ቃል «ሰፋሪ» ብሎ ለይቶ ማየት የሚቻለው፣ የጐረቤትነቱ ታሪክ ሳይጻፍ የመለያየቱ መዝገብ ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ነው። እኛ በየዓምዱ የመደብነውን ሌላው ለሌላ ጉዳይ ያነበዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ግልጽ ነው። በ1977 ዓ.ም. ጐልማሳ የነበረው ሰፋሪም፣ ጎጆ የሠራለት ነባርም ዛሬ አርጅቷል። በሁለቱም ቋንቋ ሊጠይቅ የሚችል ተማሪ በመቱ ዙሪያ ከአንድ የቀድሞ የገበሬ ማኅበር ገብቶ፣ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቤተሰቦች ስለ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ቀብር እንዴት እንደ ወጣ፣ የመጀመሪያው ቡና በማን ቤት እንደ ተፈላ፣ በየትኛው ዛፍ ምክንያት እንደ ተጣሉ፣ ማንስ እንዳስታረቃቸው። ሁለቱ ምስክርነቶች በማይስማሙበት ቦታ ላይ አለመስማማታቸውን እንዳለ ይጻፍ። የኢሉባቦር ሰፈራ መጽሐፍ ከዚያ ሊጀመር ይገባል።